ብሩሹ ይቁም፣ መኪናው ይሂድ

ዲላ፣ ሐምሌ 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለራዚያ፣ ወርቃ

አሰላሙ አለይኩም ራዙ። እንደምን ሰነበትሽ? ጭቃው፣ ጉንፋኑ፣ ቁንጫው እንዴት አድርጎሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኢድን ያለ አንቺ ዋልን። እናትሽ መኪያ የአንቺን ድርሻ ለይታ አስቀምጣ እያየችው ስታለቅስ፣ እንዳይበላሽ ብዬ በላሁልሽ።

ስለ እጄ ጠይቀሻል። እጄ ደህና ናት፤ እሷም ሰላም ብላሻለች። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው የመሰለሽ በግራ ስለጻፍኩት ነው። ቀኟ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዲላን ታፔላ ሁሉ ስትጽፍ ኖራ ዕረፍት ጠየቀች፤ ፈቀድኩላት። ሹፌሩ ጠሃ የነገረሽን አትመኚ። እሱ አንድ ጎማ ሲተነፍስበት አራት ነው የሚለው። እኔ ከመሰላል ወደቅኩ እንጂ ከሰማይ አልወደቅኩም። አወዳደቄን ግን ለብቻሽ አንብቢው፤ የዘመቻ ጓዶችሽ ፊት ጮክ ብለሽ እንዳታነቢ። የቀበሌው ግድግዳ ላይ «ወደፊት» የሚለውን እየጻፍኩ ሳለ ነው ወደ ኋላ የሄድኩት። ወጌሻው አሽቶ በቀርከሃ አስሮልኛል። እስከ አረፋ እንደ ድሮዋ ትሆናለች ብሏል።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ከሠላሳ አንዱ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎችሽ አንዷ፣ እማማ አትጠገብ ያልሻቸው አሮጊት፣ በየቀኑ ከሁሉ ቀድመው መጥተው ፊት ይቀመጣሉ፤ እርሳስ ግን አልነካም ይላሉ። ምን ላድርጋቸው ብለሻል። ምንም አታድርጊያቸው። እርሳስ ሥዕል የሚባለውን አገር ብቻውን አይገዛም። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ መሣል ስጀምር እርሳስ አላውቅም ነበር። የእንሰት ቅጠል በሚስማር እጭራለሁ፤ ጠዋት ምንም አይታይም፣ ለዐስር ሶላት ስወጣ መስመሩ ጠቁሮ ይጠብቀኛል። የቆመ መኪና አቧራ ላይ በጣቴ አንበሳ እሠራለሁ። ሹፌሩ ሲያባርረኝ አንበሳው ይርጋጨፌ ይደርሳል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቅጠል አለ። ለአራት አጥፌ፣ በጥርሴ ነክሼ የሠራሁት አበባ ነው። ብርሃን ላይ አንሺና እዪው። በአበባው በአራቱም ወገን ሳይነከስ የቀረ ቦታ ታገኛለሽ። የወለቀችው ጥርሴ ናት፤ እንደ ፊርማዬ ቁጠሪያት።

አጎትሽ ኸድሩ


ወርቃ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሼ ኸድሩ፣ ዲላ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ለእማዬም ሰላምታዬ ይድረሳት። እኔ ደህና ነኝ። ቁንጫውም ደህና ነው፤ እንዲያውም ከእኔ ወፍሯል። ድርሻዬን ስለበሉልኝ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ ሌላ ማን ያስብልኛል?

ቅጠሉ ጠውልጎ ደረሰ፤ አበባው ግን ይታያል። ክፍል ይዤው ገብቼ መስኮቱ ላይ ሰካሁት። ጋሼ፣ በዚያ ቀን ፊደል የሚባል ነገር አልነበረም። ሠላሳ አንድ ሰው ቅጠል ሲነክስ ዋለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሊቆጣጠር መጥቶ እሱም ነከሰ። እማማ አትጠገብ ያላቸው ሦስት ጥርስ ነው። ነክሰው ሲዘረጉት በአራቱም ወገን ሦስት ሦስት ቀዳዳ ወጣ። ብዙ ካዩት በኋላ፣

«ይሄ የእኔ ነው» አሉኝ። «ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አውራ ጣት አድርጊ ይሉኛል፤ አደርጋለሁ። እሷን አይቶ ይቺ አትጠገብ ናት የሚል ሰው የለም። ይሄን ግን መንደር ሁሉ ያውቃል።»

ቅጠሉን ነጠላቸው ውስጥ ቋጥረው ሄዱ። እርሳስ ግን ዛሬም አልነኩም። እጃቸውን ሲዘረጉ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ሳያይባቸው ቶሎ ይሰበስቡታል። አስተባባሪያችን ጓድ ከፈለኝ በመስከረም መጀመሪያ መጥቶ ይፈትናል። ስሙን ራሱ ያልጻፈ የምስክር ወረቀት አያገኝም።

እጃቸውን ሲሰበስቡ ሳይ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ጋሼ፣ እኔ እጅዎ ደህና ናት ወይ አላልኩም። ጣቶችዎ ይዘጋሉ ወይ ነው ያልኩት። ብሩሽ መያዝ ይችላሉ? በጥርስ የሠሩት ለእኔ ተማሪዎች ብለው ነው ወይስ ሌላ መሥሪያ ስላጡ? እማዬን ብጠይቃት «ዝናቡ በርትቷል» ብላ ጻፈችልኝ።

የእርስዎው ራዚያ


ዲላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለመርማሪዋ ራዚያ፣ ወርቃ

ሰላምታዬ እንደ ወርቃ ዝናብ ሳያባራ ይድረስሽ። እናትሽ የጻፈችው እውነት ነው፤ ዝናቡ በርትቷል። ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር ብርጭቆዬን ወስዳ በቆርቆሮ ኩባያ ለወጠችልኝ። ምን አስባ እንደሆነ አላውቅም።

የምነግርሽ ትልቅ ዜና ሠራተኛ መቅጠሬ ነው። ቀንድ አውጣ ናት። ኩራዝ አብርቼ መስታወት በጥላሸት አጠቆርኩ፤ ከዚያ እሷን አስቀመጥኩበት። በሄደችበት ሁሉ ጥላሸቱን እየጠረገች ነጭ መስመር ትተዋለች። ወደ ቀኝ እንድትዞር ስፈልግ የጎመን ቅጠል በቀኝ አሳያታለሁ። ከጠዋት እስከ ዙሁር ሶላት አንድ ኮረብታ ጨረሰች። እናትሽ በር ላይ ቆማ «ኸድሩ፣ አበድክ?» ስትለኝ «ዝም በይ፣ ሠራተኛ አትረብሺ» አልኳት። ኮረብታው ላይ ዛፍ ልትጨምር ስትል ግን ጎመኑን በልታ ተኛች። ይህን ጠባይዋን ሳይ የመንግሥት ሠራተኛ ሳትሆን አትቀርም ብዬ ጠረጠርኩ። ይህንንም ለብቻሽ አንብቢው።

ሁለተኛው ዘዴ የእናትሽ የልብስ ስፌት መኪና ነው። ክሩን አወጣሁና ወረቀት አስገብቼ ነዳሁት። መርፌዋ እዚያው ባለችበት ትወጋለች፣ እኔ ወረቀቱን በግራ እጄ አዞራለሁ። በቀዳዳ የተሣለ አህያ ወጣ። መስኮት ላይ ስትሰቅይው ፀሐይ በአህያው ዓይን ትገባለች። ፊቱ የማውቀውን ሰው ነው የመሰለው። ማንን እንደሆነ በደብዳቤ አይጻፍም።

ጠሃ በቀደም መጥቶ ነበር። በየዓመቱ ከቡና ወቅት በፊት የጭነት መኪናውን፣ የኤንትሬውን፣ የኋላ መዝጊያ ስፖንዳ የምሥልለት እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ዘንድሮ አዲስ ስፖንዳ አስገጥሞ ባዶውን ይዞት ይዞራል። «ይርጋጨፌ ሌላ ሠዓሊ አለ፣ ሂድ» ስለው፣

«ጋሼ ኸድሩ፣ መኪናዬ ራቁቷን ብትዞር ይሻለኛል» አለኝ።

ከአረፋ በኋላ አልኩት።

ስለ ጣቶቼ የጠየቅሽውን ወረቀቱ ስላለቀ በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

አጎትሽ ኸድሩ


ወርቃ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኸድሩ፣ ዲላ

እንደምን ከርመዋል? ወረቀቱ አልቆ እንደነበር አየሁ፤ ከጀርባው ያለው ገጽ ግን ባዶ ነበር። ስለዚህ ከዚህ ጋር አራት ንጹሕ ወረቀት ልኬልዎታለሁ።

ትናንት እማማ አትጠገብ ጻፉ። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እንሰት እየፋቁ ነበር። እንደሚያውቁት ጣውላው ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ እሳቸው ተቀምጠው አንድ እግራቸውን አንስተው ቅርፊቱን በተረከዛቸው ጣውላው ላይ ይይዙታል፤ መፋቂያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይፍቃሉ። እጃቸው ያኔ ምንም አይንቀጠቀጥም። ሥራቸውን ጨርሰው ጣውላውን አጠቡና፣

«በይ ደብተር አምጪ» አሉኝ።

ደብተሩን ጣውላው ላይ አድርገው በእግር ጣታቸው ያዙት። እርሳሱን በሁለት ጭብጣቸው ይዘው ጉልበታቸው ላይ አስደገፉት። ከዚያ እርሳሱን ምንም ሳያንቀሳቅሱ ደብተሩን በእግራቸው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ነዱት። ጋሼ፣ «አ» ወጣ! ትንሽ ዘመም ያለ ቢሆንም ማንም የሚያነበው «አ» ነው። እኔ ግን ሞኟ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ «እማማ፣ እርሳስ እንዲህ አይያዝም፤ ወረቀቱ ይቀመጣል፣ እጅ ነው የሚሄደው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣

«የማን ሕግ ነው? እጄ ደክሟል፣ እግሬ አልደከመም» አሉ።

ልከልክላቸው ወይስ ልተዋቸው? ጓድ ከፈለኝ ቢያይ ምን ይለኛል?

ሌላው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ጠሃ ትናንት ሲያልፍ ብሩሾችዎን ለሰው እንደሰጡ ነገረኝ። አላምንም ብዬዋለሁ። እርስዎ ይንገሩኝ።

የእርስዎው ራዚያ


ዲላ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለራዚያ

ሰላም ነው? አትከልክያቸው። እንዳትከልክያቸው!

ይህን ጠይቀሽ ቶሎ ጻፊልኝ። ክርናቸውን የሚያሳርፉት የት ነው? ጉልበታቸው ላይ ነው ወይስ ጎናቸው ላይ? እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ይጋደማል? ክብ ሲሠሩ፣ ለምሳሌ «ጠ» ሲጽፉ፣ ደብተሩን ያዞሩታል ወይስ እንደያዙት ያንሸራትቱታል? እርሳሱን ለማንሳት ሲፈልጉ እጃቸውን ያነሳሉ ወይስ እግራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ? ይህ የመጨረሻው ዋናው ነው።

ብሩሾቹን አዎ፣ ሰጥቻለሁ። ሰባት ነበሩ፤ ስድስቱን ለይርጋጨፌው ሠዓሊ ሰጠሁት። ቢቀመጡ ይደርቃሉ ብዬ ነው። አንዷ ቀርታለች።

የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። ሦስቱን አበላሽቻቸዋለሁ። በምን እንዳበላሸኋቸው አትጠይቂኝ።

ኸድሩ


ወርቃ፣ መስከረም 7 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኸድሩ፣ ዲላ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎት። ያለፈው ደብዳቤዎ አስደነገጠኝ፤ አንድም ቀልድ አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ ገልብጬ ፈለግኩ።

መልሱ ይኸው። ክርናቸው ጎናቸው ላይ ይጣበቃል። እርሳሱ ትንሽ ወደ ደረታቸው ይጋደማል። ለ«ጠ» ደብተሩን ያዞሩታል። ለማንሳት ሲፈልጉ እግራቸውን ነው ዝቅ የሚያደርጉት፤ እጃቸው ምንም አይነቃነቅም። «አጎቴ ነው የሚጠይቀው፣ ሠዓሊ ነው፣ እጁን ታሟል» አልኳቸው። ይቅርታ፣ ሳልጠይቅዎት ነው የነገርኳቸው። «ንገሪው፣ እጅ እንደ ችካል ነው። ችካል አይሄድም፣ ላም ናት የምትዞረው» አሉ።

አሁን ፈተናው። ጓድ ከፈለኝ መጣ። ሠላሳው ሲጽፉ እየዞረ አየ። እማማ አትጠገብ ጫማቸውን አውልቀው ጣውላቸውን ሲያጋድሙ ግን ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው ጓድ ራዚያ?»

ላስረዳው ስል እሳቸው ቀና ሳይሉ፣ «ዝም በል፣ ልጽፍ ነው» አሉት። ስማቸውን ጻፉ፤ አምስቱንም ፊደል፤ «ጠ» ላይ ደብተሩ ሲዞር ጓድ ከፈለኝም አንገቱ አብሮ ዞረ። ሲጨርሱ መመሪያውን ከቦርሳው አውጥቶ ገጽ በገጽ ሲያገላብጥ ቆየ። በመጨረሻ፣

«መመሪያው ስሙን ይጻፍ ይላል» አለ። «ከእርሳሱና ከወረቀቱ የትኛው ይሂድ እንደሆነ አይልም። አልፈዋል።»

ጋሼ፣ እሱን እስከ ዛሬ ደረቅ ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር። ሲወጣ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። ጣቶችዎ ይዘጋሉ?

የእርስዎው ራዚያ


ዲላ፣ መስከረም 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለራዚያ፣ ወርቃ

አሰላሙ አለይኩም። ኢድ ሙባረክ። አረፋ በሰላም አለፈ። ድርሻሽን በዚህ ጊዜ ጠሃ በላው።

አይዘጉም ራዙ። ወጌሻው ገና በሐምሌ ነው የነገረኝ፤ ያውም ኢድ ሳይደርስ። እስከ አረፋ ይሻላታል ያልኩሽ እኔ የፈጠርኩት ነው። እናትሽን ያስማልኳት እኔ ነኝ፤ በእሷ እንዳትቀየሚ። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ እንደ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶች አይነካኩም። ቅጠሉም፣ ቀንድ አውጣዋም፣ የስፌት መኪናውም ለተማሪዎችሽ ብቻ አልነበሩም። እጅ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ስትጠይቂኝ የቀለድኩብሽ አንቺን ንቄ አይደለም። እኔ ከቀልድ ውጪ ማልቀስ አላውቅበትም፤ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

የሚገርመኝ መልሱ በስፌት መኪናው ላይ ዓይኔ ሥር ነበር። መርፌዋ ቆማ ወረቀቱ ይሄድ ነበር። አይቼ አላስተዋልኩም፤ ወርቃ ያሉት እማማ እስኪነግሩኝ ድረስ።

አሁን ደግሞ መላው ዲላ የሚያወራውን ከእኔ ስሚ። የቀረችኝን አንዷን ብሩሽ ግቢያችን ያለው ዋንዛ ላይ በገመድ ጠፍሬ አሰርኳት። ጫፏ ወደ ፊት ወጥቷል። ጠሃን «መኪናህን አምጣ» አልኩት። ስፖንዳው ትልቅ ነው፤ ጉልበት ላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ መኪናው ራሱ ይሂድ! ሰውዬው ኤንትሬውን ዋንዛው አጠገብ በጎን አምጥቶ አቆመልኝ። ስፖንዳውን በማጠፊያው ወደ ጎን ከፍተን በገመድ አሰርነው፤ ብሩሿ ነካችው። «ሂድ» ስለው ይሄዳል፣ አግድም መስመር ይወጣል። «ተመለስ» ስለው የኋላ ማርሽ ያስገባል። ወደ ላይና ወደ ታች መስመርስ? ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ጎረቤት ተጠራ። ስድስት ሰው ሲሳፈር መኪናው ዝቅ ይላል፤ መስመሩ ወደ ላይ ይሄዳል። ሲወርዱ መኪናው ከፍ ይላል፤ መስመሩ ወደ ታች ይሄዳል። የምንሥለው ወፍ ነው፤ ለጭንቅላቷ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ተሳፈሩ።

«ጋሼ ኸድሩ፣ የት ነው የምንሄደው?» ይላል አንዱ።

«ወደ ምንቃሯ!» እለዋለሁ።

«ፍሪሲዮኔ አለቀ!» ይላል ጠሃ።

«ክንፏ ይለቅና ያንተ ፍሪሲዮን ይለቅ!»

እናትሽ ከሳቋ ብዛት መሬት ተቀመጠች። ከወደቅኩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ወፏ ወጣች። ሰማያዊ ናት። አንደኛው ክንፏ ከሌላው ይወፍራል፤ ጠሃ ፍሬን ሲይዝ አንሸራቶት ነው። እግሯ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው እግር ላይ ስንደርስ ተሳፋሪዎቼ ደክመው ሄዱ። አንድ እግር ያላት ወፍም ታርፋለች ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ይህ ይበቃኛል። ለጠሃ የገባሁትን ቃል ሞልቻለሁ፤ እንደሚቻልም አይቻለሁ። ሰው ግን አንድ ታፔላ ለመጻፍ ሰፈር ሙሉ እያሳፈረ አይኖርም። ብሩሿን ከዋንዛው ልፈታት ነው። ለማን እንደምሰጣት እያሰብኩ ነው።

ነገ ጠሃ ወደ እናንተ ይወጣል። ወፏን ለእማማ አትጠገብ አሳዪያቸው። ዲላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተማሪ አለዎት በያቸው።

አጎትሽ ኸድሩ


ወርቃ፣ መስከረም 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኸድሩ፣ ዲላ

ደብዳቤዎን አንብቤ ምን እንደሆንኩ አልጽፍም። ስመጣ እጅዎን ይዤ እነግርዎታለሁ። ቀኟን።

ጠሃ የገባው በገበያ ቀን ነው። ሕዝቡ መኪናውን ከበበ። ጠሃ ነጂውም ሠዓሊውም እሱ እንደሆነ አድርጎ ሲያወራ ነበር። እማማ አትጠገብን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። ስፖንዳው ፊት ቆመው ወፏን ከምንቃሯ ጀምረው በዓይናቸው ሄዱባት። መስመሩ የወፈረበት ቦታ ሲደርሱ ቆም እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ እንደ ጓድ ከፈለኝ ድምፃቸውን አወፍረው፣

«እጁን አላንቀሳቀሰም። አውቃለሁ። ጥሩ ነው» አሉ።

«አለፈ እማማ?» አልኳቸው።

«አላለፈም» አሉ። «እግር አንድ ቀርቷል።»

ሰዎቹ ደክመው ሄደው ነው አልኳቸው። ብሩሿንም ለሰው ሊሰጧት እንዳሰቡ ነገርኳቸው። የወፏን እግር በጣታቸው ነኩና፣ «ጣውላ ትንሽ ይያዝ። ጉልበት ላይ የሚቀመጥ። መጀመሪያ ይሄን ይጨርስ» አሉኝ። እጽፍልዎታለሁ ብዬ ደብተሬን ሳወጣ ከእጄ ወሰዱት።

«እኔ እጽፋለሁ» አሉ።

ገበያው መሀል ቁጭ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ጣውላ ስላልነበረ ጠሃ የወንበሩን መደገፊያ ነቅሎ ሰጣቸው። ብዙ ሰዓት ፈጀ። ማንም ከቦታው አልሄደም። ጠሃ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። እግሯን እንዲጨርሱ መኪናውን መልሰን ልከናል፤ ጽሑፋቸው ከዚህ በታች ነው። እኔ አንድም ፊደል አልነካሁም።

ኸድሩ
እግር ጨርስ
አትጠገብ